እግሬ አውጪኝ

ስምሽ ራሱ ይንቋቋል፣ ቁርጭምጭሚቴ፤
ስጠራሽ እንኳ አሸዋ አለው፣ በጥርሴ፣ በአንደበቴ።
ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከወደቡ እስከ ማሪፖሳስ፣
የሰው ፖስታ ተሸክመን፣ ስንወጣ፣ ስንመለስ፣
በቫልፓራይሶ ዳገት የረገጥነው ደረጃ
ቢደረደር ጨረቃን ያልፋል፤ አለኝ የራጅ ማስረጃ፦
በአጥንትና በአጥንት መሃል የነበረው ክፍተት ጠፍቷል፣
ያ ልም አጥንት፣ ያ ትራስሽ፣ እንደ ሳሙና አልቋል።

የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የልደት ካርድ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የፍቅር ቃል፤
ለትከሻ ሁሉም አንድ ነው፤ አንቺ ግን ትለዪው ነበር ይመስለኛል።

ካፒታን የተባለው ውሻ፣ የባልዲሳሪ ሱቅ ዘብ፣
ጥርሱን አሹሎ ሲመጣ፣ ደም ሲሸሽ ከእጅ፣ ከልብ፣
«እግሬ አውጪኝ!» ነበር ያልኩሽ።
ከነቦርሳዬ አወጣሽኝ። አንድም ቀን አልጠየቅኩሽ
ምን ያህል ያምሻል ብዬ፤
ተሸካሚዋ አንቺ ሆነሽ፣ ተሸካሚ እኔ መስዬ።

አሁን ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ወለሉ ምስማር ያበቅላል፤
እስከ መታጠቢያ ቤት ያለው ስምንት ርምጃ
ስምንት ሰፈር ያህላል።
ቅባቱን ቀባሁ፣ መርፌውን ተወጋሁ፣ ጫማዬ ውስጥ ድጋፍ አስገባሁ፣
ክብደት ልቀንስ ዳቦ ተውኩ
(ውሸት ነው፤ ማታ ማታ በላሁ)።

ቁርጤን ልወቅ ብዬ ሄድኩ።
ሐኪሟ ኢቱሪያጋ፣ እጇ ትንሽ፣ ድምፅዋ ደረቅ፣
ሥዕልሽን ብርሃን ላይ ሰቅላ፣ ሳትቸኩል፣ ሳትሳቀቅ፣
«ሦስት መንገድ አለን» አለች፤
በእስክሪፕቶ ጫፍ ነካች።

«ይህን የሾለ አጥንት በጠባብ ቀዳዳ ገብተን
እንሞርደው ነበር፣ የዛሬ አሥር ዓመት ብትመጣልን፤
አሁን የበሩን ጠርዝ ብንሞርድ ምን ይጠቅማል?
ማጠፊያው ራሱ አልቋል።
ሁለተኛው፣ አንጓውን አውጥቶ ብረትና ፕላስቲክ መተካት፤
ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ደስ ይላል ለማየት፤
ግን እሱም ያልቃል አንድ ቀን፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት፣
ሸክም ከበዛበት ቶሎ፤ ያኔ እንደገና መከፈት።»

«ሦስተኛውስ?»
«መዝጋት ነው። የቀረውን ልም ፍቄ፣
አጥንትን ከአጥንት አጣብቄ፣
በሦስት ብሎን አጥብቄ፣
አንድ እስኪሆኑ መጠበቅ።
ሕመሙ ይሄዳል፤ እንቅስቃሴውም አብሮ፣ አብዛኛው።»
ዝም አለች። ውጭ የባሕር ወፍ ጮኸ፣ ያ ነጩ፣ ጩኸተኛው።

«ደረጃስ?»
«መውጣት ትወጣለህ፤ መውረድን እንደ አዲስ ትማራለህ።
ጎረቤት አንጓዎች አሉ፤ የሷን ሥራ እነሱ ያነሳሉ፤
ከዓመታት በኋላ ግን እነሱም ሊያጉረመርሙ ይችላሉ።»

እህቴ ኤርሜሊንዳ «ብረቱን! ዘመናዊውን!» አለች፤
ለፍሪጅም እንዲሁ ናት፤ አዲስ ከሆነ ትወዳለች።
እኔ ግን ወደብ ያደግኩ ነኝ፤ የማይበጠስ ገመድ አላውቅም፤
መርከብ ሲታሰር አይቻለሁ፤ የታሰረ ሁሉ አልተቀጣም።

እናም ፈረምኩ። ይቅር በይኝ፤ ሳላማክርሽ ነው የፈረምኩ፤
ስትታሰሪ እዚያው ነበርኩ፣
ከወገቤ በታች ግን አልነበርኩ።

ሁለት ወር ተኩል መሬት ሳትነኪ፣ ጀሶ ውስጥ ከርመሽ፣
እኔ በክራንች ባለ ሦስት እግር፣ ወጥ ቤት ስዞር አንጠልጥዬሽ፣
አየሽ፣ ተራው ደረሰ፤ አሁን አውጪዋ እኔ ነኝ፤
(ያ እንባ የሽንኩርት ነው፤ ስከትፍ ያየ ይመስክርልኝ)።

በግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ቀን፣ ካቦርቴን ደርቤ ወጣሁ፤
ቦርሳው ዛሬ የያስና ነው፤ እኔ ለትምህርት ነው የመጣሁ፦
ደረጃውን በጎን መውረድ፣ እንደ ሸርጣን፣ ብረቱን ይዤ፣
አንድ፣ ቆም። አንድ፣ ቆም። ዝናቡን በላብ አግዤ።

ከባልዲሳሪ ሱቅ ደጃፍ የካፒታን የልጅ ልጅ
(ጥርሱ ያው ነው) ብድግ ብላ መጣች።
«እግሬ አውጪኝ!» አልኩ በልማድ።
እግሬ ዝም አለች።

አልሮጥንም።
ቆምን፣ እኔና ሦስቱ ብሎን።
ጫማዬን አሸተተች (ብረቱ ይሸታት ይሆን?)፣
ከዚያ እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ መውረጃዬን ዘግታ፣
ተኛች፣ አገጯን ዘርግታ።

ሃያ ስምንት ደረጃ ይቀረናል።
እንግዲህ እንጠብቃት።