አድማስ ላይ ያለች ነጥብ

ሰኞ ጠዋት፣ ሮተርዳም፣ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣
ዝናቡ ሲወርድ አድሮ አልጠራም ያገሩ ሰማይ፤
ገመድ ሻጮች ነን እኛ፣ የመርከብ ገመድ፣ የወደብ፣
ጣት የሚያክል፣ ክንድ የሚያክል፣ ተራራ ብረት የሚስብ።

ማርታይን ቆመ፣ አለቃችን፣ በጥርሱ ሙሉ እየሳቀ፣
ግድግዳው ላይ ብርሃን ረጭቶ አንዲት ነጥብ አደመቀ።
«ይቺ ናት» አለ «ነጥባችን፣ አድማስ ላይ የምንሰቅላት፤
ከዛሬ ወዲያ አፍንጫ ሁሉ ዞሮ እሷን ይመልከታት።»

አፍንጫዎቹን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ነን በጠረጴዛው፤
የዊለሚን ጉንፋን ይዞት ቀልቷል፣ የቡርጁ ቀጥ ያለ ነው፤
የኔ ሰልካካ አይደለም፣ እናቴም አልዋሸችኝ፣
ደፍጠጥ ይበል እንጂ የሚከረፋ ነገር አይሸሽገኝ።
የዮፕ ግን፣ ያ ትልቁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ቅጥራን የጠጣ አፍንጫ፣ ገመድ ሲገምድ መዋሉ፣
ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ ወንዙን ያያል እንደ ልማዱ፤
ከታች የሚያልፍ ጀልባ አለ፣ ዓይኑ ያለው ከገመዱ።

ማርታይን ቀጠለ። «ነገሩን በሄሊኮፕተር ዓይን እንየው፤
ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን ፍሬ አስቀድመን እንቅጠፈው፤
መርፌዋን እናንቀሳቅሳት፤ በየራሳችን ኃይል እንቁም፤
ቀሪውን ከመስመር ውጪ ዞረን ሳንመጣበት አንቀርም።»

በልቤ ልተረጉም ስል ያገሬ ተረት ይቀድመኛል፦
ፍሬ ሲል፣ የቆጡን ላውርድ ባይዋ፣ ብብቷ ሲላቀቅ ይታየኛል፤
ዞረን እንምጣበት ሲል፣ «ዞሮ ዞሮ ከቤት» እላለሁ፤
ኖሮ ኖሮ የት እንደሆነ አልጨርሰውም፣ እፈራለሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ነው የሰማሁት፤
ይሄኛው ግን፣ ቃል በቃል ላይ ሙሉ ጠዋት ቢያደሩት፣
ጀልባ አይዝም።
            ሐሙስ ዕለት ሰው ያዘ።
ዮፕ ደብዳቤውን አንብቦ፣ መልሶ አንብቦ፣ ፈዘዘ።
«ጉዞህን እናከብራለን» ይላል፤ «የኃላፊነትህ መደብ
በአዲሱ አወቃቀራችን ይገባል ከማረፊያ ወደብ፤
ኃይልህን ከዚህ ደጅ ውጪ እንድትፈልገው ጋብዘናል።»
«ተባርሬያለሁ?» አለ ዮፕ። «አዎ ወይም አይ ይበቃኛል።»
ማርታይን ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣
«አዎና አይ» አለ «ያጠብቡታል ጉዳዩን።»
ቡርጁ እስክሪብቶዋን ሰበረች።
እኔ አቀርቅሬ ቆጠርኩ የጫማዬን ክሩን።

ያን ማታ እህቴ ደወለች፣ ትደነቂያለሽ፣ ከኮምቦልቻ፤
ጣራው ያፈስሳል፣ ስድስት ቆርቆሮ፣ የጎደላት እሱ ብቻ።
«ጥያቄሽን» አልኳት «ተቀብያለሁ፤ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ተርታ
አስገብቼ እመለስበታለሁ...»
ዝም አለች፣ ረጅም ዝምታ።
«ወንድሜ፣ ካጠገብህ ሰው አለ? ወይስ አንተ ነህ የታመምከው?
ትልካለህ ወይስ አትልክም? እሱን ንገረኝ፣ ሌላውን ተው።»
«እልካለሁ» አልኩ። አምስት ፊደል። ካፌ ሲወጣ ክብደት አለው።

ዓርብ ዮፕ ሄደ። ኬክ ነበረ፣ ፊኛ ነበረ፣ ንግግር፤
ማርታይን «መሸጋገሪያ» አለው፤ ዮፕ አንዲት ቃል ሳይናገር
ከኪሱ ገመድ አወጣ፣ ስንዝር የምታህል፣ ሻካራ፣
ጫፍና ጫፏን የገመዳት፣ መጋጠሚያዋ የማይታይ ሥራ።
«ያዝ» አለኝ። ያዝኩ። ትርጉም አላስፈለገውም።
ወርጄ ልሸኘው ነበረ፤ ስብሰባ አለ፣ አልሄድኩም።

ማርታይን ግድግዳው ላይ ነጥቧን ዳግም አበራ፣
«ሁላችንም እናያታለን?» እኛም አዎ፣ በጋራ።
እኔ ግን ይህን ደፍጣጣ አዙሬ ወደ ዮፕ መስኮት፣
በዝናቡ ውስጥ፣ ድልድዩ ላይ፣ ቢጫ ካፖርት፣ ብስክሌት፣
ሲወጣ አየሁት፣ ነፋሱን በደረቱ እየገፋ፣
እያነሰ፣ እያነሰ፣ ነጥብ አክሎ እስኪጠፋ።