ግፊው

ስብሰባው ረዘመ፣ ሰውም አዛጋ፤
ዶን ባልታሳር ሰዓቱን አይቶ ወደ መስኮቱ ተጠጋ፤
ተራው የኔ ከሆነ፣ ላውጋ።

ስሜ ኤርሜሊንዳ፤ በታልካዋኖ ወደብ ዳር
መረብ ጠጋኝ ነኝ፤ ሥራዬ ከቀዳዳ ጋር።

አምና፣ ክረምቱ ባሕሩን ሲያንገላታ፣
አንድ ሰው መጣ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በማታ።
ናሳሪዮ ይላል ስሙ፤ ዕድሜው አርባ ሁለት፤
ከዚያ በታች ሥራው፦ መርከብ ማራገፍ፣ ብየዳ፣ ግንበኝነት፤
ከዚያ በታች ደግሞ
ሰባት ዓመት፣ ነጭ፣ ምንም ያልተጻፈበት።

ቀዳዳ አይቶ ማለፍ እኔ አላውቅም ከቶ፤
«ይኼስ?» አልኩት፣ ጣቴ ባዶው ላይ ቀርቶ።
«ይኼማ እስር ቤት ነው» አለኝ፣ አንገቱን አቅንቶ።
«ሰርቄ ነው። የሰው መጋዘን ሰብሬ። ሌላ ምክንያት የለኝም።
ዛሬ አሥራ አንድ በር አንኳኩቻለሁ፤
ከዚህች ባዶ መስመር ያለፈ ዓይን የለም።»

ደግ ሆኜ አይደለም የቀጠርኩት፤ ይህን ልብ በሉ።
ሰርዲኑ ደርሷል፣ ጀልባዎቹ መረብ አምጪ ይላሉ፣
እጅ አነሰኝ።
እጁን አየሁት፤
ጣቶቹ ቋጠሮ ያውቃሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አየሁ፦
በር ሲደርስ ይቆማል።
እጀታው አጠገቡ፣ መዳፉ ባዶውን ሳለ፣
ሰው እስኪከፍትለት ይጠብቃል፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ እንዳለ።
ሰባት ዓመት በር ከውጭ ነው የተከፈተለት፤
መዳፉ ረስቶታል የእጀታን ቅዝቃዜ፣ የማጠፊያን ክብደት።

እኔስ? እኔም ጉድ ነበርኩ፤ ልንገራችሁ እውነቱን፤
ማታ ማታ እቆጥር ነበር የገንዘብ ሣጥኑን፣
ጀርባዬን ሰጥቼው፣ በከንፈሬ ብቻ፣
ሳንቲም ሳይቀር፣ እያንዳንዱን።
ሦስት ሳምንት አለፈ። በሃያ ሁለተኛው ማታ
መርፌውን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ፣ በእርጋታ፣
«ሴኞራ፣ ቁጠሪ» አለኝ፤ «ገንዘብሽ ነው፣ መቁጠርማ፤
ግን ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፤
እንዳልጎደለ እኔም ልስማ።»

ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።
ሣጥኑ ልክ ነበር፤ የጎደልኩት እኔ ነበርኩ።

አልዋሽም፤ ሁለተኛው፣ ጉሜርሲንዶ የሚባለው፣
ዘጠኝ ቀን ሠርቶ ጠፋ፤ ደህናውን መቀሴን ነው ይዞት የሄደው።
ተናደድኩ። ሰደብኩት። ኋላ ግን አሰብኩ፦
የእህቴ ልጆች፣ ወንጀል ያልተጻፈባቸው፣
ስንት መቀስ፣ ስንት ብድር ይዘው ቀሩ! ማን ጠየቃቸው?

ዶን ባልታሳር፣ ዓሣ ታሽጋለህ፤ ሰማንያ ሰው ያድራል በደሞዝህ፤
አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች ከማመልከቻህ ግርጌ፣
«ተፈርዶብህ ያውቃል?» የምትል፤
እዚያ ላይ ምልክት ያረገ፣ ወረቀቱ ከቅርጫት ይውላል።
አጥፋት አልልህም፤ መጨረሻ ጠይቅ ነው የምለው፤
መጀመሪያ እጁን እይ፣ አፉን ስማ፣ ከዚያ ስላለፈው።
ፍርዱን ዳኛ ፈረደ፤ እሱም ቀኑን ቆጥሮ ወጣ፤
በየደጃችን የምንሰየመው ሁለተኛ ችሎት
ማን ሾመን? ከየት መጣ?

አንድ አንድ ሰው ውሰዱ፤ ብዙ አላልኩም።
ደሞዙን ሙሉ ክፈሉ፤ ምጽዋት ስጡ አላልኩም።

ልጨርስ፣ ዶን ባልታሳር፤ ኮትህን አታንሣ ገና።
ትናንት፣ በዝናቡ፣ ሦስተኛዋ መጣች፤ ሮሳሜል ናት፣ ልጅ እግር፤
በሬ ፊት ቆመች፣ ካፖርቷ እየተንጠባጠበ፣
ሳታንኳኳ፣ ሳትናገር።
ልከፍትላት ስነሣ፣ ናሳሪዮ ክንዴን ያዝ አረገው፤
መረቡ ከጭኑ ሳይወርድ፣ ድምፁን ብቻ ወደ በሩ ላከው፦
«ግፊው፤
ክፍት ነው።»