ሊፍት የሌለበት ከተማ

ባሌ አርሊንዶ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ሊዝበን ላይ የኖረ ሊፍት ሲጠግንበት፣
ጡረታ ሲወጣ
ሻንጣውን ሸክፎ ይዞኝ እዚህ መጣ፤
ታይላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ናን ወንዝ ዳር ካለች፣
ደረጃ እንኳ ብርቅ ከሆነባት ቀዬ፣
ጣራዋ ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ከተኛች።

የመሣሪያ ሣጥኑ፣ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ፣
አልጋችን ሥር ገባ ትርፍ ጭነት አስከፍሎ።
«የምን ቡሎን አለ የምትፈታበት?» ብዬ ስቆጣበት፣
«እንዲያው ይኑር» አለኝ፣ መልስ ሲጠፋበት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት መዝሙር ሲለቀቅ ከማዘጋጃ ቤት፣
ገበያው ይደርቃል ሁሉም ባለበት፤
ዓሣ የምትከትፈው ቢላዋዋ አየር ላይ፣
እኔም ግማሽ ማንጎ ጉንጬ ውስጥ ወትፌ፣ ቀጥ ብዬ ሽቅብ ሳይ።
መዝሙሩ ሲያበቃ ቢላዋው ይወርዳል፤
ማንጎውም ይዋጣል።

ቋንቋው ግን ፈተነኝ።
«ማ» ካሉ በልኩ፣ «ነዪ» ማለት ሲሆን፣
ከሥር ካነሱት ውሻ፣
ከላይ ከጀመሩት ፈረስ ነው የሚሆን።
በሰፈርን በሳምንት ጎረቤቴን ላምዱዋንን በር ላይ ቆማ ሳያት፣
እጄን ዘርግቼ «ውሻ! ግቢ!» አልኳት።
ገባች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።
ቆይታ ቆይታ፣
«ሆንግ!» ብላ ጮኸች፤ የዚህ አገር ውሻ እንዲያ ነው የሚለው።
ወዳጅ የሆንነው ከዚያን ለታ።

ማታ ከጣራው ሥር ግማሽ ክንድ የሚሆን እንሽላሊት አለ፤
ሰባት ጊዜ ቢጮህ ገድ ነው ተባለ።
አርሊንዶ በጨለማ ጣቱን ያጥፋል፤
አራት፣ አምስት፣ ስድስት።
ከዚያ ጭጭ።
«ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቆለፈ» ይላል ጀርባውን ሲሰጠኝ፤
ናፍቆቱን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ፣ እንቅልፍ እንደያዘኝ።

በየዘጠና ቀኑ በአውቶቡስ ተሳፍረን ኢሚግሬሽን እንሄዳለን፤
ከመስታወቱ ፊት ተራ እንጠብቃለን።
መኮንኗ ሁሌም አንድ ጥያቄ አላት፦ «ሥራ ትሠራላችሁ?»
«የለም» እንላለን። ለጡረታ የመጣ፣ ሥራ ክልክል ነው።
ጧ! ማኅተሙ ያርፋል።
አርሊንዶ ዝም ብሎ እጆቹን ያያል።

ነሐሴ ላይ፣ ጎርፉ መንገድ በዘጋበት፣
ነርስ በሞተር መጣች ውሃ እየወረደባት።
ሆስፒታሉ ብቻ ሦስት ፎቅ አለው፤ አንድ ሊፍትም አለው፣
በወር ሃያ ቀን መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት።
የላምዱዋን እናት፣ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ ከነተሽከርካሪ ወንበሯ፣
ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መሃል ቀርታለች፤
ሰዓት አልፎታል ከተዘጋ በሯ።
ጠጋኙ ከትልቁ ከተማ ነው፤ ቢፈጥን ነገ ነው የሚደርሰው።
አርሊንዶ አልጋ ሥር በሆዱ ተሳበ፤
ስለ ሕግ ያሰብኩት አፌ ላይ ረገበ።

አርባ ደቂቃ ፈጀ። በሩ ሲንሸራተት፣
አሮጊቷ እንቅልፍ ላይ፣
ጭኗ ላይ ግማሹ የተበላ የተጣባቂ ሩዝ ቅርጫት።
ነቃች። ዙሪያውን ቃኘች። «ደረስን?» አለች።
«እዚህ እኮ ትንኝ የለም» ብላ አኮረፈች።

በነጋታው አጥራችን ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤
ሙዝ፣ እንቁላል፣ ፓፓያ፣ የደረቀ ዓሣ፤ ማን እንዳመጣው ማን ይናገራል?
ከሥሩም አንዲት ዶሮ፣ በሲባጎ የታሰረች፣
በቁጣ የምታይ፣ እኛን የከሰሰች።
እስከ ትናንት ድረስ «ፋራንግ» ነበር ስሙ፣ የውጭ ሰው፣ ባዕድ፤
ዛሬ «ሉንግ ሊፍ» ሆነ፣ አጎት ሊፍት ማለት፣
«ት»ዋን ዋጥ አርገው ሲጠሩት በመንገድ።

ዘጠና ቀን ሞላ። «ሥራ ትሠራላችሁ?»
«የለም» አልን ሁለታችን፣ አንገታችንን ላብ አጥቦት።
ጧ!
ፓስፖርቱን ስትሰጠው በሁለት እጆቿ፣
«በሰላም ግቡ፣ ሉንግ ሊፍ» አለች፣ ሳይነሱ ዓይኖቿ።

ዶሮዋን ማረድ አቃተን። እግራችን ሥር ትዞራለች፣
በቀን አንድ ትጥላለች።
ላምዱዋን ካጥር ማዶ «ማ!» ብላ ስትጠራት፣
ፈረስ ይሁን ውሻ፣ ወይስ ነዪ እንደሆነ፣
ዶሮዋ ትለያለች፣ ሮጣ ትሄዳለች።
እኔ ገና ነኝ።