«ደህና» ያለው ሰርቨር

ፓርኑ ላይ በሰኔ ፀሐይ ጠልቃም አትጠልቅም፤
የመስኮቱ ንጣት እስኪነጋ አይለቅም።
የያኒ ዋዜማ ነው፤ አገሩ ተነቅሎ
ወደ ደሴት ሊሻገር፣ ቢራ ጭኖ፣ ውሻ አዝሎ፣
ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ ሁሉም በአንድ በር
ትኬት፣ ትኬት ይላል፤ ተጨነቀ ሰርቨር።

ለአንዱ ሸክም የሆነው ለሦስት ጌጥ ነው ብዬ
ፋየርዎሉን ከፈትሁ በሌሊት ፈረቃዬ።
በውጭ አንድ አድራሻ፣ አንድ ስም፣ አንድ ደጅ፤
ከጀርባው ሦስት ወንድማማች፣ የአንድ እናት ልጅ።
ለአዲሱ አራት እጅ፣ ለሽማግሌው አንድ፣
ክብደቱን ደለደልሁ እንደየአቅሙ መንገድ።
(አባቴ በመርከብ ሆድ መኪና ሲደረድር
‹ለአንድ ጎን ካደላህ ባሕር ይፈርዳል› ይል ነበር።)
ደግሞም አንዱ ገዢ በመሃል እንዳይጠፋ
የጀመረው ይጨርሰው፣ ከእጅ ወደ እጅ አይገፋ።

በየአምስት ሰከንዱ ፋየርዎሉ ይጠይቃል፦
‹አለህ?›
‹አለሁ።›
‹ደህና ነህ?›
‹ደህና።›
ሦስቱም አረንጓዴ። ሦስቱም በጤና።

ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት፣ ከሃፕሳሉ።
‹ገንዘቤ ተቆረጠ፤ ትኬቴ የታለ?› አለች።
ከኋላዋ ልጅ ያለቅሳል፣ የመኪና በር ይዘጋል።
ከእሷ በኋላ ሌላ፤ ከሌላው በኋላ ሌላ።

ሁለተኛውን ገልጬ አየሁት።
መተንፈሱን ይተነፍሳል። ዲስኩ ግን ሞልቷል፤
አንዲት መስመር አይጽፍም፤ መዝገቡን ዘግቷል።
አልዋሸም እኮ። የጠየቅነው ትንፋሹን ነበር፤
ሥራውን አልነበር።

ጥያቄውን ለወጥሁ። ‹ደህና ነህ?› ቀረ።
‹አንድ ትኬት ቁረጥ፤ ቁጥሩን አሳየኝ።›
ዝም አለ።
መብራቱ ቀላ። ወረፋው ወደ ሁለቱ ዞረ።

ታርሞ ከጎኔ ነው፤ እናቱን ከቀበረ ሁለት ሳምንቱ።
‹ደህና ነህ?› ስለው ‹ደህና› ይላል፣
ሳይዘገይ፣ ቀና ሳይል፣ እንደ ፖርቱ።
እኔም አሥራ አራት ቀን
አረንጓዴ ብዬ አለፍሁት።

ወንበሬን ሳብ አደረግሁ።
‹ታርሞ፣ የእናትህ ቤት ቁልፍ ማን ጋ ነው?›
ጣቶቹ ከኪቦርዱ ላይ ተነሡ።
ቆየ። ስክሪኑ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ቆየ።
ከዚያ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤
ገመዱ ቀይ ሱፍ ነው፣ በእጅ የተጎነጎነ።
‹እስካሁን አልከፈትሁትም› አለ።

ስልኩ ጮኸ። የእሱ መስመር ነበር።
እኔ አነሣሁት።