ለደረጃው መብራት፣ ዘይት

ባሕሩ በሌሊት ማዕበል አስነሥቶ
ከማዘጋጃ ቤት ምድር ቤቱ ገብቶ
ጎሕ ሲቀድ ወጣ፣ ጨው ብቻ ትቶ።

«ነይ» አሉኝ፣ መጣሁ። ሥራዬ ማድረቅ ነው፣
ያረጀን ወረቀት ገመድ ላይ ማስጣት ነው።
የካሪግቫራ ወደብ፣ ሦስት መቶ ዓመቷ
እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥቷል አንጀቷ።

«ታዘዘ» ይላል፤ ሁልጊዜ «ታዘዘ»።
«ባለ አሳማ ሁሉ አሳማውን ካልያዘ
ስድስት ፔንስ ይክፈል።»
«ደወል ሳይደወል ዓሣ የሸጠች ሴት፣
ዓሣው ለድኩማን፣ እሷ ለግንድ እስራት።»
«የቦርዶ ወይን ጠጅ በበርሜል ይቀረጥ።»
«የዳቦ ጋጋሪው ሚዛን ይገላበጥ።»
ይፈጸም አይፈጸም ማንም አልጻፈውም፤
ቀለም አዛዥ እንጂ ታዛዥ ሆኖ አያውቅም።

ጸሐፊው ሮኔይን እጀ ረጅም ነበር፤
ፊደሉን ማለቴ ነው፤ የያንዳንዱ ጭራ
ከታችኛው መሥመር ሄዶ ይጣበቅ ነበር።

በሺህ ሰባት መቶ አርባ አንድ፣ በኅዳር፦
«ሆኖራ የተባለች፣ ባሏ የሞተባት፣
ልጇን ከወደቡ ደረጃ አንሸራትቶ ባሕር የወሰደባት፣
መብራት ይሰቀል ስትል ለመነች።
ተነበበ። ተላለፈ።»
በዓመቱ መጣች። «ኦኖራ የተባለች...
ተነበበ። ተላለፈ።»
በዓመቱ መጣች።
በስድስተኛው ላይ ቀለም አለቀበት ወይ ሰለቸው መሰል
ከስሟ ላይ ቆርጦ «ኖራ» ብሏት አረፈ።
ተላለፈ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፦ «ታዘዘ፤ አንድ ፋኖስ፣
አንድ የብረት ኩላብ።
ለደረጃው መብራት፣ ዘይት፣ በየሩብ ዓመቱ አራት ሺሊንግ።
ግንቡም ይነጣ፣ ብርሃን እንዲያጎላ፤
ለኖራ፣ ሁለት ሺሊንግ።»
ዴርቭላ፣ አለቃዬ፣ መነጽሯን አንሥታ
«ለየትኛዋ?» አለች፤ «ለልስኑ፣ ወይስ ለሴቲቱ ካሳ?»
መዝገቡ ዝም አለ።
እኔ ግን ከስሙም ከልስኑም ሌላ ሰማሁ፦
ኖራ። ኖራ፣ ኖራ፣ ሞታ።

ከንቲባ ይሻራል፣ ከንቲባ ይሾማል፣
አንዱ እጅ ይደክማል፣ ሌላ እጅ ይጽፋል፣
አራቱ ሺሊንግ ግን ቀኑን ጠብቆ ይወጣል።

ከዚያ በሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ የጥር አውሎ ነፋስ፦
«ፋኖሱ ከነብርጭቆው ባሕር ገብቷል። መተኪያው ይተላለፍ።»
ፈለግን። ቅጠል በቅጠል ስናስስ ዋልን።
ምትክ የለም።
በሚያዝያ ግን፦ «ለደረጃው መብራት፣ ዘይት፣ አራት ሺሊንግ።»
በሐምሌም። በጥቅምትም።
ድንች በመሬት ውስጥ በጠቆረበት ዓመት፣
«የሬሳ ሣጥን ይሠራ፣ አንድ፣ ከሥሩ የሚከፈት፣
ለሌላውም እንዲሆን» ከሚለው ትእዛዝ በታች፣
ዘይት። አራት ሺሊንግ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ለሌለ ፋኖስ።

ዴርቭላ ሳቀች፦ «ሲሾም ያልበላ...» ብላ ሳትጨርሰው።
እኔ አልሳቅሁም። ምናልባት የኖራ የልጅ ልጅ
ኩራዝ በእጇ ይዛ፣ ጀልባ እስኪገባ ቆማ ይሆናል።
ምናልባትም ጸሐፊው በዚያ ብርሃን
ልጆቹን ፊደል አስቆጥሯል።

በዚያው በርሃቡ ቅጠል ላይ አንድ ጠብታ አለ፣
ክብ፣ የአውራ ጣት ያህል፣ የዘይት።
ጨው ውኃው ሸንጎውን በሙሉ፣ ስም ከነማዕረጉ
አደብዝዞ ትቶታል፤
ዘይት የነካውን ግን ማለፍ አቅቶታል።
በክቡ ውስጥ አንድ ቃል፣ ትናንት እንደ ተጻፈ ጠቁሮ፦
«ለሌላውም»።

«ጉዳት» በሚለው ዓምድ «ዘይት» ብዬ ጻፍሁ።
ዴርቭላ ሰረዘችው።

ማታ በደረጃው ወረድሁ። ኩላቡ አለ፣ ዝጎ፤
ግንቡም ኖራ ይፈልጋል።
እግሬ ድንጋዩን በዳበሳ አገኘው።