የወፈረ ግድግዳ

በሐቺኖሄ ወደብ አርባ ዓመት ሙሉ
የጀልባ አምፖል ጠጋኝ ነበርኩ፤
ሌሊት ባሕሩ ላይ የሚበሩት ሁሉ
በእጄ ያለፉ ናቸው፣ ስንቱን ፈታሁ፣ ስንቱን አሰርኩ።
ስኩዊድ ብርሃን ሲያይ ከጥልቁ ይወጣል፤
ጨለማን ያበራ ሰው እራቱን ያገኛል።
ሺዙኖ ግን ያን ሌሊት ሆዷን ይዛ ስትጎብጥ
አንድ አምፖል አጣሁ፣ የሚያበራ ወደ ውስጥ።

"የቱ ጋ?" ስላት፣ "እዚህ"፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ፤
ደግሞ "እዚያ"፤ ቁርጠቱ ይዞራል፣ እንደ ጀልባ ገመዱን ነቅሎ።
ስንት ዘመን የሆዷን በሆዷ ይዛ የኖረች ሴት
"ሆዴን!" አለች ጮኻ፤ መብራት በራ በጎረቤት።

ሲቲ ስካኑ ነጭ ነው፣ ክብ፣ እንደ ትልቅ ቀለበት፤
"ትንፋሽ ይያዙ" አላት፣ በማናውቃት ሴት አንደበት።
ከመስታወቱ ወዲህ እኔም ያዝኩ አብሬ፤
"ይተንፍሱ" ሲላት ግን አልሰማሁም፣ ቀረሁ ተገትሬ።

ዶክተር ኩማጋይ ከልጃችን ታንሳለች።
ግራጫው ምስል ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየች፦
"የትንሹ አንጀት ግድግዳ፣ እዚህ ጋ፣ ወፍሯል።"
ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ ከቃሏ ይወፍራል።

ወፍሯል ምን ማለት ነው?
ልብ ይደነድናል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንጀትም ይደነድናል?
የቤት ግድግዳ ሲወፍር ብርድ ይከለክላል፣
ይኼኛው ማንን ያስቀራል?

የሺዙኖ እናት በሆዷ ነው የሞተችው፣ በስድሳ አንድ ዓመቷ፤
"እብጠት" ተባለ፤ ሌላው ስም አይነሳም በቤቷ።
ሺዙኖ ቃሉን ስትሰማ እጇን ከሆዷ አነሳች፣
የጋለ ድስት እንደነካ ሰው፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ካንሰር ነው?" አልኩ፣ እሷ እንዳትጠይቅ ቀድሜ።
"መወፈር ስም አይደለም" አለች ዶክተሯ፣ "መወፈር ጥያቄ ነው።
አንጀት ሲቆጣ ይወፍራል፤ ጀርም ሲገባውም፣ ደም ሲያጥረውም፤
አንዳንዴ ክፉው ነው። አንዳንዴ ዐልፎ ሂያጅ ነው።
ጥላውን አይቼ ብቻ ባለጥላውን በስሙ አልጠራውም።"

ወንበሯን ስባ ቀረበች። "ሰሞኑን ምን በሉ?"
ሺዙኖ መሬት መሬት አየች፤ ከአፏ አልወጣም ቃሉ።

ያኔ ሆዴን ቆረጠኝ። የኔን።
ማክሰኞ ነበር። ማክሬል፣ ገና ዐይኑ ያልደፈረሰ፣
በገዛ ቢላዬ ስስ አድርጌ ከተፍኩት፣ በጥሬው።
"በረዶ ውስጥ ይደር" ብላኝ ነበር።
"ወደብ ላይ ሸብቼ ዓሣ ታስተምሪኛለሽ?" ብዬ ሳቅሁባት፤
የመጀመሪያዋን ቁራጭ በመብሊያ እንጨቴ አጎረስኳት።

"ትል አለ" አለች ዶክተሯ፣ "እንደ ክር የቀጠነ፤
ሰው ሆድ ውስጥ መንገድ ይጠፋዋል፣ ግድግዳ ይነክሳል።
ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።
እሱ ከሆነ ራሱ ይሞታል፣ ካልሆነ ፍለጋው ይቀጥላል።
ከባሰባት፣ ካተኮሳት ግን እኩለ ሌሊትም ቢሆን አምጣት።"

ሦስት ሳምንት ጠበቅን።
በዘጠነኛው ቀን ቁርጠቱ እሷን ለቀቀ፣ እኔን ግን አልለቀቀኝም።
ማታ ማታ ጆሮዬን ሆዷ ላይ አሳርፋለሁ፤
ያጉረመርማል። "ምን ይላል?" ትለኛለች።
"ይሰድበኛል።"
አንድ ቀን እንኳ "ባንተ ነው" አላለችም፤
ትሉ የሷን ነካ፣ ይህ ግን የኔን አንጀት በላው።

ሁለተኛው ምስል ሲመጣ ግድግዳው ስስ ነበር፣
እንደ ቤታችን የወረቀት መስኮት።
"ትሉ ነበር?" አልኩ።
"ሳይሆን አይቀርም። አላየሁትም፣ አልምልም።"

አውቶቡስ ውስጥ ሺዙኖ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤
ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት።

ትናንት ዓሣ ገዝታ መጣች። በላስቲክ ጠቅልላ
በረዶው ውስጥ ከተተችው፤ ላዩ ላይ በወፍራም ቀለም
"ሰባት ቀን ይደር" ብላ ጽፋበታለች፣
ከሥሩም፣ በትናንሽ ፊደል፣ የኔን ስም።