የአሠልጣኝ ስም

ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለ፣ ከትንሿ ጣቴ የሚያጥር፣
«የሠለጠኑበት ቦታ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ቁጥር።
ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል፣
ሰልፉ ከኋላዬ ያጉረመርምብኛል፣
በመስኮቱ በኩል ጣና ዝም ብሎ ያየኛል።

የት ልበልህ ልጄ?
ይጋንዳ በለው፣ ከዳር፣ ደንገል ከሚታጨድበት፣
ዳልቻ፣ የአባቴ በሬ፣ አፍንጫው ከደማበት።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አያ ጫኔ መጡ፣
ሰው አሽተው ሳይጨርሱ ላም ሊያዋልዱ የሚሮጡ።
«ውኃ እንዳታጠጪው» አሉኝ፣ «እስኪነጋ።»
ባሕሩ ሥሩ እያለ በጥም ሲቃጠል አየሁት፣
ሌሊቱን ሁለቴ ተነሣሁ ልፈታው፤ ሁለቴም ተውኩት።
ሲነጋ አንድ ገበቴ ውኃ ካፍንጫው ሥር ያዝኩ፣
ጠምቶት አልቅቱ ብቅ ሲል በሻካራ ጨርቅ ሳብኩ።
«ተማርሽ?» አሉኝ። «ምኑን?» አልኳቸው።
«ጠላትም ይጠማዋል።»
አንደኛ ክፍሌ ይኸው ነው። መስመሩ ይበቃዋል?

ከዚያማ ደንገል ሰብረው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣
«ዓይንሽን ጨፍኚ» ይሉኛል፣ «የቱ ጋ እንደ ሆነ በጣትሽ ለዪው።»
ሁለት ክረምት ሙሉ ደንገል ስዳብስ አመሸሁ፣
የተሰነጠቀውን ከታጠፈው፣ የታጠፈውን ከደቀቀው ለየሁ።
ቀጥሎ የአስጋሪ ትከሻ፣ የአህያ ወርች፣ የቄስ ጉልበት፣
(ቄሱ ሲጮኹ አህያዋ ዝም አለች፤ እስከ ዛሬ እስቃለሁ ሳስብበት)።
ዳማከሴን ለምች፣ ግራዋን ለሆድ፣
ለጊደር እፍኝ፣ ለሕፃን ቁንጢት፣ ለነፍሰ ጡር ምንም።
«ሥር የሌለው ዛፍ የለም» ይሉ ነበር፤
«መጠኑን ነው የምትማሪው፤ ቅጠሉንማ ፍየልም ታውቀዋለች።»

አሁን ይኼን ጻፍ፤ ለማንም አልነገርኩ።
አያ ጫኔ ባረፉ በዓመቱ፣ «አዋቂ ነኝ» ባልኩ፣
አንድ ልጅ አመጡልኝ፣ ወራሚት ከማንጎ ዛፍ የወደቀ፤
ክንዱን በሸንበቆ አሰርኩት። ማሰሪያው ጠበቀ።
«ያመኛል» አለኝ። «ይለቅሃል» አልኩት።
በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቁረው አገኘሁት።
አዝዬው ሮጥኩ ፈለገ ሕይወት ድረስ፣ በባዶ ሆዴ፣ በቀትር ፀሐይ፤
ሦስቱ ተረፉ፣ ሁለቱ ቀሩ፣ እዚያው በብረት ሳሕን ላይ።
ሥርጉት የሚሏት ነርስ አልተቆጣችኝም።
የገዛ ጥፍሬን ተጫነች። ነጣ።
ለቀቀች። ደሙ ተመልሶ መጣ።
«ባሰርሽ ቁጥር ይህን እዪ» አለች፤ «ካልተመለሰ ፍቺው፣
የማትችዪውን ደግሞ ሳይመሽ ወደ እኛ ስደጂው።»
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፍር ለሌለው ሰኮናውን በጉንጬ እለካለሁ፣
ከቀዘቀዘ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ እፈታለሁ።
ዝንዘልማም ሄጃለሁ፣ ከከብት ሐኪሞቹ ኋላ ቆሜ፤
አባ ሰንጋን በሥር አልገፋም፣ ስልክ እደውላለሁ ቀድሜ።

ጸሐፊው ገጹን ገለጠ። «የአሠልጣኝ ስም» ይላል።
«ባዬ አንለይ በለው።»
«የት ይገኛሉ?»
«ጀልባ ጣቢያው ጋ፣ ገመድ ይቋጥራል በሦስት ጣት፤
ሲያየኝ እጁን ያነሣል፤ እኔ ነኝ ያቃተኝ ማንሣት።»
«እማማ፣ እሱማ ታካሚዎ ነው። እኔ የጠየቅኩት አስተማሪ።»
«እኮ» አልኩት።

እስክሪብቶው ቆመ። ማኅተሙ ከነቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ነው።
ውጭ አንድ የሽንብጥ ባለጋሪ ፈረሱን ይዞ ይጠብቀኛል፤
የኋላ ግራ እግሩን ይጎትታል፣
ኮቴው አስፋልቱ ላይ፣ ከዚህ ሆኜ፣ ይሰማኛል።